ለቀይዋ መኪና ሽማግሌ ስንልክ

ማጋነን አልወድም፤ ግን ያቺ መኪና ወደ መሬት ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ጉንዳን በሥሯ ሲያልፍ ጎንበስ ይል ነበር። ቀይ ናት፤ ጣሊያን ሠራሽ፤ የምትይዘው ሁለት ሰው ነው፤ ሁለተኛውም ሰው የሚገባው ቁርሱን ካልበላ ነው። ባለቤቷ እንደሚለው እንደሷ ያለች በዓለም ላይ በጣት የምትቆጠር ናት፤ በአፍሪካ ደግሞ እሷው ብቻ። ይህን ደጋግሞ የነገረኝን ያህል እናቴ እንኳን ስሜን አልጠራችም። ሞተሯ ሲነሳ ቦሌ አየር ማረፊያ የሚሠሩ ሰዎች ያልጠበቁት በረራ የመጣ መስሏቸው ሰማይ ሰማይ ያዩ ነበር።

ባለቤቷ ወዳጄ ነው። የመታጠቢያ ቤት ዕቃ አስመጪ ነው፤ ቦሌ ውስጥ ካሉ ትልልቅ ሰዎች ግማሾቹ ጠዋት ጠዋት የሚቀመጡት እሱ ባስመጣው ነገር ላይ ነው። እኔ ደግሞ ወሎ ሰፈር የመኪና ዲኮር ሱቅ አለችኝ። የወንበር ልብስ፣ ምንጣፍ፣ የመሪ ሽፋን፣ ኋላ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ እሸጣለሁ። የተዋወቅነው ለመኪናዋ የዝናብ ልብስ ሊያሠፋ በመጣ ጊዜ ነው። በልኳ የተሠራ ልብስ በከተማው ስላልነበረ የሠርግ ቀሚስ የሚሰፋ ሰው ጠርተን በሜትር አስለካናት። ልብስ ሰፊው ወገቧን ሲለካ ወዳጄ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ይከታተለው ነበር።

ይነዳታል ካላችሁኝ፣ እሁድ ጠዋት ብቻ፣ ከቤቱ እስከ አየር ማረፊያው አደባባይ። መንገድ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ካጋጠመው ከመኪናው ይወርዳል፣ ጉብታውን ያየዋል፣ ያስባል፣ ተመልሶ ገብቶ ወደ ቤቱ ይዞራል። የቀረውን ጊዜ ግቢው ውስጥ ተሸፍና ትቀመጣለች። እሱ ደግሞ ወንበር አውጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል።

እንዲህ በሰላም ሲኖሩ ፊት ለፊቱ የሚኖረው የብረታ ብረት ነጋዴ ለአንድ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ሰጠ። ሰጠ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ በቴሌቪዥን ታየ፤ አሮጊቶች እጁን ሲስሙት፣ እሱም «ኧረ ባካችሁ» እያለ ወደ ካሜራው ሲዞር ታየ። ከዚያ ቀን በኋላ ወዳጄ እህል አልበላ አለው። ብዙም ሳይቆይ ሱቄ መጣና የሚሸጥ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ልሰጣት ነው» አለኝ።

«ማንን?»

«እሷን ነዋ። ጎሮ ላሉት አረጋውያን።»

«አረጋውያኑ የመኪና ውድድር ጀመሩ እንዴ?»

«ቀልድህን ተው። መስጠት ማለት የሚወዱትን ነገር መስጠት ነው። አሮጌ ብርድ ልብስማ ማንም ይሰጣል።»

«እነሱ እኮ የቸገራቸው ብርድ ልብሱ ነው» አልኩት። አልሰማኝም። ዓይኑ ገና ያልመጣውን ካሜራ እያየ ነበር።

የአረጋውያኑን ቤት አውቀዋለሁ፤ ኮሚቴ ነኝ። ኮሚቴ የሆንኩት ስብሰባው ላይ ስላልተገኘሁ ነው፤ የተገኙት ሁሉ በየተራ ሥራ እንደሚበዛባቸው ሲያስረዱ፣ ሥራ ይበዛብኛል ያላለ ሰው እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። ቤቱ ያለው ጎሮ ጫፍ ነው። አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶን ይጀምራል፤ ኮብልስቶኑም ተስፋ ቆርጦ ሲተወው ጭቃው ይረከባል። የሚያስተዳድሩት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሁላችንም ሲስተር እንላቸዋለን።

ሲስተር ከኮሚቴው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ መኪና። ከፍ ያለ፣ ወንበሩ የበዛ፣ ጭቃ የማይፈራ። ምክንያታቸው ደግሞ ከነዋሪዎቹ አንዷ፣ እማማ የምንላቸው ናቸው። እማማ ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ላይ የወጣ ቁስል አልድን ብሎ በሳምንት ሁለቴ ሆስፒታል ሄደው ይታጠብላቸዋል። ሐኪሙ ለሲስተር በግልጽ ነግሯቸዋል፤ እጥበቱ ከተቋረጠ እግሩን መቁረጥ ግድ ይሆናል። በበጋ ታክሲ በስልክ ይጠራል፣ ይመጣል። ክረምት ሲገባ ግን ሹፌሩ ጭቃውን ከሩቅ አይቶ፣ ለራሱ አማትቦ፣ መኪናውን ያዞራል። ባለፈው ክረምት እማማን በወንበር ተሸክመን ነበር አስፋልት የምናደርሳቸው። እሳቸው ወንበሩ ላይ ሆነው «በግራ በኩል ያለኸው ከፍ አርግ፣ ጎንህ ወርዷል» እያሉ ያዝዙን ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዝናቡ ስለማያሻግረን እንቀራለን። የቀረንባቸው ቀናት ቁስሉ ላይ ያስታውቁ ነበር።

እንግዲህ ሲስተር «አንድ ባለሀብት መኪና ሊሰጠን ነው» ሲባሉ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ምን ዓይነት መኪና ብለው አልጠየቁም። እኔ ነገርኳቸው፤ «ሲስተር፣ መኪናዋ ቀይ ናት፣ ሁለት ሰው ነው የምትይዘው፣ ሰው ተኝቶ ነው የሚነዳት» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ቀልድ ታደርገዋለህ» አሉኝ።

የሰው ስም አንዴ ከወጣ እንዲህ ነው።

የርክክቡ ቀን መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና መጣች፤ ኮብልስቶኑን ራሷ ብትሞክረው ሆዷ ጎሮ ይቀር ነበር። ድንኳን ተተክሏል፤ ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ ላይ የወዳጄ ፎቶ ትልቅ ነው፣ የመኪናዋ ትንሽ፣ የአረጋውያኑ የለም። እኔ የገባኝን ልንገራችሁ፤ በዚህ ከተማ ሰው የሚሰጠው ፎቶውን ነው፤ ዕቃው ለፎቶው መደገፊያ ነው።

ሲስተር መኪናዋን አዩ። ከዚያ ከኋላዋ ሌላ መኪና ይመጣ እንደሆን መንገዱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። እኔ ድንኳኑን አየሁ።

ወዳጄ ከፎም የተሠራ፣ ቁመቱ ሲስተርን የሚያህል የመኪና ቁልፍ አስረከባቸው። ተጨበጨበ። ሲስተር ያንን ቁልፍ ታቅፈው ቆመው «እግዜር ይስጥልን» አሉ፤ ድምፃቸው ከቁልፉ ጀርባ ስለሆነ እምብዛም አልተሰማም። ከዚያ አባባ እንዲመርቁ ተጋበዙ። አባባ ከነዋሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ናቸው፤ በዘመናቸው የሰፈር ዳኛ ነበሩ። ንግግር ሲጀምሩ የሚጀምሩት ከዓለም መፈጠር ነው። ያን ቀን ወደ መኪናዋ ከመድረሳቸው በፊት የካሜራው ባትሪ አለቀ፤ ካሜራው ሲያልቅ እንግዶቹም አለቁ።

ትክክለኛው ቁልፍ ግን የወዳጄ ኪስ ውስጥ ቀረ። የባለቤትነት ማረጋገጫው ሊብሬም ቤቱ ቀረ። «እናንተ ጋ ይጠፋል፤ እኔ አስቀምጥላችኋለሁ» አለ። እናም ስጦታው እንዲህ ሆነ፤ መኪናዋ የእኛ፣ ቁልፏ የሱ፣ ጥላው የሷ። ጥላው ስል፣ አጥሩ ጥግ ላይ ቆርቆሮ የለበሰች ቦታ ነበረች፤ አረጋውያኑ ከፀሐይ ሲሸሹ እዚያ ነበር የሚሰበሰቡት። አሁን መኪናዋ ገባችበት፤ አረጋውያኑ ፀሐይ ላይ ወጡ።

ወዳጄ እሁድ እሁድ መምጣት ጀመረ። ለአረጋውያኑ ሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ሙዙን በር ላይ ለዘበኛው ይሰጥና በቀጥታ ወደ መኪናዋ ይሄዳል። ልብሷን ይገፍፋል፣ ይወለውላታል፣ ሞተሯን ያስነሳል። ሞተሩ ሲነሳ ጆሯቸው የከዳቸው ሁሉ ለአንድ አፍታ ይሰማሉ። አንድ እሁድ አንዷ አሮጊት ያጠበችውን ነጠላ የመኪናዋ ኮፈን ላይ አስጥታ አገኛት።

«እናቴ፣ ይህ ምንድን ነው?» አላት።

«ነጠላ ነው፣ ልጄ።»

«እዚህ ላይ?»

«አዎ፣ ሌላ ምን ታደርግልናለች?»

ያን ለት ሙዙን ከዘበኛው ተቀብሎ ይዞ ተመለሰ።

በጋው እየተገባደደ ሲመጣ ሲስተር ጨነቃቸው። ከጎሮ በስተምሥራቅ ደመናው ከሰዓት ከሰዓት መጠራቀም ጀምሯል። መኪናዋ ብትሸጥ በዋጋዋ ጥሩ ሚኒባስ ይገዛል፤ ይህን ኮሚቴው ሁሉ ያውቃል። ችግሩ ማን ይንገረው ነው። ስጦታን ሰጪው እያየ መሸጥ፣ ያውም እሁድ እሁድ እየመጣ ሲወለውላት፣ ማን ይደፍራል? ሲስተር ሰው ቤት ገብተው የቀረበላቸው ሻይ ስኳር ከሌለው እንኳን የማይጠይቁ ሴት ናቸው። ቢሆንም የእማማ እግር አስገደዳቸውና አንድ እሁድ እኔን አጠገባቸው አቁመው ጀመሩ።

«ጌታዬ፣ መቼም ቅር አይልዎትም ብለን ነው። መኪናዋን ሸጠን ለሕመምተኞቹ የሚሆን ሚኒባስ ብንገዛበት...»

ወዳጄ መወልወሉን አቆመ።

«ስጦታ ይሸጣል እንዴ፣ ሲስተር?»

«አይ፣ እኛማ...»

«ሰው ምን ይላል? ደግሞስ ለማን? አንዱ ዱርዬ ገዝቶ ግንብ ጋር ሊያላትማት? ይህች እኮ ልጄ ናት። ልጄን አሳድጉልኝ አልኩ እንጂ ሽጡልኝ አላልኩም።»

ሲስተር «እውነትዎን ነው» አሉ። እውነቱን እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ግን አሉ። ይሉኝታ የሚባለው በሽታ ከስኳር ይብሳል፤ እጥበት የለውም።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። አንዱ ደብዳቤ እንጻፍ አለ፤ ሌላው ደብዳቤው ላይ ማኅተም ይኑር አለ፤ ሦስተኛው ማኅተሙ የት ጠፋ አለ፤ በዚህ አንድ ሰዓት አለፈ። እኔ ስለሰለቸኝ «ልጄ ናት ካለ፣ ልጅ የምትጠየቀው በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ እንላክ» አልኩ። ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሲስተር ወደ መስኮቱ ዞር አሉ፤ ውጪ አረጋውያኑ አጥሩን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል።

«ሽማግሌማ» አሉ ሲስተር ቀስ ብለው፣ «በአዲስ አበባ እኛን የሚያህል ያለው ማን ነው?»

አባባ ተመረጡ፤ ጋቢያቸው የነጣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ተጨመሩላቸው። ቀኑ የእማማ የሆስፒታል ቀን እንዲሆን ተደረገ፤ በዚያው እሳቸውን ለማድረስ። እማማ «እናንተ ስትለምኑ እኔ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ጥየቃ ላይ ሴት ምን ትሠራለች» አሉ፤ ሲናገሩት ግን የተከፉ ይመስሉ ነበር። የቀረው እንዴት እንሂድ ነው። መኪና ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው መኪና የለውም፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ከኮሚቴው አንዱ የእድር ሰብሳቢ ስለነበር የእድሩን አውቶብስ ፈቀደልን፤ ያ ለቅሶ አድራሽ የሚጫንበት፣ በጎኑ በጥቁር ቀለም የእድሩ ስም የተጻፈበት። ነገር ግን አውቶብሱ ረፋድ ላይ ቀብር አለው። ሆስፒታሉም ወረፋ አለው። ስለዚህ ወዳጄ ቤት መድረስ ያለብን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ተባለ።

አሁን እናንተ ገብቷችኋል። እኛ አልገባንም። ሁላችንም የዚህ አገር ሰዎች ነን፤ ሁላችንም በየቤታችን በማለዳ በር ሲንኳኳ፣ በሩን ስንከፍት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ተደርድረው ቆመው ስናይ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ግን ከመካከላችን ማንም አላሰበውም። ሐሳባችን ሁሉ ቀይዋ መኪና ላይ ነበር።

ቦሌ ውስጥ በዚያ ሰዓት ወፍ እንኳን አይሰማም። አውቶብሱ የወዳጄ በር ላይ እያቃሰተ ቆመ። አባባ በምርኩዛቸው በሩን አንኳኩ፤ ብርድ ስለነበር ሲስተር ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበዋል። ዘበኛው በመስኮቷ ብቅ አለ። ሽማግሌዎቹን አየ፤ አውቶብሱን አየ፤ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ማን ናችሁ አላለም። አንድ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ በሌላው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። እኔ በሆዴ እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ዘበኛ ነው አልኩ።

ወዳጄ በፒጃማ ደረጃው ላይ ወጣ። ባለቤቱ ከኋላው ናት። አባባ ወግ እንደሚያዘው «አንቀመጥም፤ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ» አሉ፣ «ፈጣሪ ይህችን ዓለም ሲፈጥራት ማንንም ለዘለዓለም አላስቀመጠባትም።»

ወዳጄ የደረጃውን ብረት ያዘ።

«እኛ ሁላችን እንግዶች ነን። የኔ የምንለው ሁሉ የኛ አይደለም፤ በአደራ ነው የያዝነው። ባለአደራው ሲጠየቅ ደግሞ...»

«እናቴን» አለ ወዳጄ፤ እዚያው ደረጃው ላይ ተዘረጋ።

እናቱ ሀገር ቤት ናቸው፤ ለካ በዚያው ሰሞን ትንሽ አሟቸው ኖሯል። ባለቤቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ጩኸቱን ለቀቀችው። የቦሌ ሰው መቼም ጎረቤቱን አያውቅም፤ አሥር ዓመት አጥር ተጋርቶ ስም አይጠያየቅም ይባላል። ግን የለቅሶ ድምፅ ሲሰማ ያ ሁሉ የብረት በር አንድ ላይ ተከፈተ። መጀመሪያ የደረሰው ፊት ለፊት ያለው የብረታ ብረት ነጋዴ ነው፤ ጋቢውን ለለቅሶ አዙሮ ለብሶ፣ ከባለለቅሶው በላይ እየጮኸ። «ምን የመሰሉ እናት! ምን የመሰሉ ደግ!» ይላል። አይቷቸው አያውቅም። ግን በለቅሶም ቢሆን መበለጥ አይወድም።

እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ሲስተር በድንጋጤ ሌሎቹ ሲያለቅሱ አብረው ማልቀስ ጀምረዋል። አባባ ከዓለም መፈጠር ገና ብዙም ስላልራቁ ንግግሩን የቱ ጋ እንደሚያቋርጡት ጠፍቷቸዋል። በዚህ መሐል አንድ ሰው ስልክ ደውሎ ድንኳን አዝዟል።

ያዳነን የእማማ ትዕግሥት ማጣት ነው። አውቶብሱ ውስጥ ሆነው ጩኸቱን ሲሰሙ ያችን የታሰረች እግራቸውን እየጎተቱ ወረዱ፤ ሰዉን በምርኩዛቸው እየገለጡ ደረጃው ድረስ መጡ።

«ሰውየውን ምን አድርጋችሁት ነው?» አሉ። «አባባ፣ ዙሪያውን መዞርዎን ትተው የመጡበትን አይነግሩትም? ልጄ፣ ተነስ። ስለ መኪናዋ ነው የመጣነው።»

ወዳጄ ቀና አለ። «ስለ ምኗ?»

«ስለ ቀይዋ መኪና። እናትህን ምንም አላልንም፤ የት እንዳሉም አናውቅም።»

ስልክ ተደወለ። በማጉያው ሁላችንም ሰማን፤ አንዲት የተቆጣች ሴት «በዚህ ሰዓት ምን ሆነህ ነው? ላሟን ልታስደነግጥብኝ ነው?» ስትል። ወዳጄ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ሳቀ፤ እየሳቀ አለቀሰ፤ ከዚያ ሲያለቅስ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ነጋዴው ብቻ ለቅሶውን በአንዴ ማቆም ስላልቻለ ትንሽ ቆየ።

አባባ ግን ዳኛ ናቸው፤ የጀመሩትን አይተዉም። ሰዉ ጸጥ ሲል ካቆሙበት ቀጠሉ። «ባለአደራው ሲጠየቅ ደግሞ ይመልሳል። ልጅህን ልንጠይቅህ መጥተናል። ሳትሰጠን አንቀመጥም። እኔ ጉልበቴ ታማሚ ነው፣ ብዙ አታቁመኝ።»

«ውሰዷት» አለ ወዳጄ ፊቱን እየጠረገ። «እናቴ ትኑርልኝ እንጂ ሁሉንም ውሰዱ።»

ይህን ያለው ልቡ ሞልቶ ነው፤ ምስክር ነኝ። ግን እውነተኛ ደስታ ብዙ አይቆይም፤ ትንሽ ቆይቶ እስትንፋሱ ሲመለስለት ዓይኑም ተመለሰ። «ማለቴ... እንግዲህ እንነጋገርበታለን። ገዢው ማን እንደሆነ፣ ጠባዩ፣ አነዳዱ...» ማለት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ነጋዴው በተገለበጠው ጋቢው አፍንጫውን ጠርጎ እንዲህ አለ፦

«ይቅርታ ጎረቤት፣ ሰጥተሃት አልነበር እንዴ? በቴሌቪዥን ያየሁህ መስሎኝ።»

መንደሩ ሁሉ ዞሮ ወዳጄን አየው። 

«ሰጥቻታለሁ» አለ ወዳጄ። ወደ ባለቤቱ ዞሮ «ቁልፉን አምጪው» አላት። ቁልፉ ከአልጋው ራስጌ ካለው መሳቢያ መጣ፤ ሊብሬውም ከሥሩ። አባባ ተቀብለው መረቁ፤ አጭር ምርቃት ነበር፤ ጉልበታቸው ነው። ድንኳን ተካዮቹም ደርሰው ስለነበር ያመጡትን ተክለው ቁርስ ተበላ። ለለቅሶ ከመጣው ሰው፣ የሞተ ሰው ባለመኖሩ ማንም አልተከፋም። እማማን ሆስፒታል ያደረስናቸው በዚያው አውቶብስ ነው፤ በሩ ላይ ስንደርስ ታምመው የተቀመጡት ሁሉ ፊታቸውን አዞሩብን።

መሸጡ ቀላል መስሎን ነበር። ገዢ ነኝ የሚል ይመጣል፣ መኪናዋ ላይ ተደግፎ ፎቶ ይነሳል፣ አስቤ እመለሳለሁ ይልና አስቦ ይቀራል። አንዱ ሆዷን ለማየት መሬት ላይ ተኛና ለመነሳት ሁለት አረጋውያን ደገፉት። ደመናው በየቀኑ ይወፍራል። ሲስተር ሰማዩን የሚያዩት እንደ ባለዕዳ ነበር።

በዚህ መሐል የብረታ ብረት ነጋዴው ሱቄ መጣ፤ የወንበር ልብስ ሊገዛ ነው።

«ያቺ መኪና ልትሸጥ ነው አሉ» አለኝ፣ ጨርቅ እየዳሰሰ።

«ልትሸጥ ነው። ግን ማን ይገዛታል? ቦሌ ውስጥ እሷን የሚችል ሰው የለም አለ ጎረቤትህ።»

ወዳጄ እንዲህ ማለቱን እርግጠኛ አይደለሁም። ሊል የሚችል ሰው መሆኑን ግን እርግጠኛ ነኝ።

ነጋዴው የወንበሩን ልብስ ረስቶት ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ጋ ቀርቦ ዋጋ ተናገረ። ከሰዓት ወዳጄ ደወለልኝ፤ ድምፁ እንደዚያች ማለዳ ሆኗል።

«በሬ ፊት ለፊት? ጠዋት ጠዋት በመስኮቴ ላያት ነው?»

«ምን አለበት፣ በቅርብ ትጠይቃታለህ።»

«እሱ እጅ ላይ? ጉብታ ሲያይ የማይቆም ሰው እጅ ላይ?»

«አንተስ ምን አማራጭ አለህ» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም። ከዚህ በላይ ማለት ነውር ነው።

አመሻሹ ላይ የራሱን መኪና ሊገዛ ሲስተር ጋ ሄደ። ነጋዴው ሰማ፤ ጨመረ። ወዳጄ ሰማ፤ ጨመረ። ያች ሻይ ላይ ስኳር መጠየቅ የሚያፍሩት ሴት ደግሞ ምን እንደነካቸው አላውቅም፤ ለአንዱ ሲደውሉ «እኔ እንኳን ምንም አልልም፤ እሳቸው ደግሞ እንዲህ አሉ» ይላሉ፤ ለሌላው ሲደውሉም ያንኑ። ይሉኝታቸውን ሳይለቁ፣ አንገታቸውን እንደደፉ፣ ሁለቱን ሰዎች ተራ በተራ እንደ ሎሚ ጨመቋቸው። መጨረሻ ላይ ነጋዴው ባለቤቱ ስልኩን ስለነጠቀችው ተሸነፈ።

እናም ወዳጄ የሰጣትን መኪና ገዛት። ድንኳን እንደገና ተተከለ፤ አዲስ ባነር ተሰቀለ፤ አሁንም ትልቁ ፎቶ የሱ ነው። አንድን መኪና ሁለት ጊዜ የለገሰ ብቸኛው ሰው ተብሎ ተጨበጨበለት። ነጋዴው ከፊት ተቀምጦ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ፤ ያጨበጨበው ዋጋውን ስለሚያውቅ ይመስለኛል። መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና ወደ ቦሌ ተመለሰች።

ሚኒባሱ የመጣው ዝናቡ በጀመረ ሳምንት ነው። ነጭ፣ ያገለገለ፣ ከፍ ያለ፣ መወጣጫ ያለው። በዓለም ላይ እንደሱ ያለ የትም ሞልቷል። እኔ ከሱቄ ምንጣፍ አለበስኩት፤ እማማ ከሹፌሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ያዙ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። ጭቃው እስከ ጎማው ግማሽ ነበር፤ ሚኒባሱ እያጉረመረመ ወጣው። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን አልቀሩም። እማማ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ሽቶ መቀባት ጀመሩ። መንገድ ላይ መስኮት ይከፍታሉ፣ የሚያውቁት ሰው ካዩ ያስቆማሉ፣ የማያውቁትም ካዩ ያስቆማሉ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ለሌሎቹ አረጋውያን የከተማውን ወሬ በሙሉ ያከፋፍላሉ፤ ምን ፈረሰ፣ ምን ተሠራ፣ ማን ወፈረ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ እግራቸውን ለረጅም ጊዜ አየ። እኔና ሲስተር አጠገባቸው ቆመናል።

«እማማ» አለ ሐኪሙ፣ «ቁስሉ ዘግቷል። እግርዎ ተርፏል። ከእንግዲህ በሳምንት ሁለቴ መመላለስ የለብዎትም፤ በወር አንዴ ብቅ ማለት ይበቃዎታል።»

ሲስተር አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እማማ ግን ሐኪሙን ትኩር ብለው አዩት።

«በወር አንዴ?»

«አዎ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም፤ ድነዋል እኮ ነው የምልዎት።»

«ልጄ፣ ደህና አድርገህ እየው እስቲ። ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል።»

«የትኛው?»

እማማ ትንሽ አሰቡና ደህነኛውን እግራቸውን ዘረጉለት።

ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ወንበራቸውን ያዙ። መስኮቱን እንኳን አልከፈቱም። ወደ ጎሮ የሚታጠፈው መንገድ ጋ ስንደርስ ሹፌሩ ፍሬቻ አበራ።

«ቀጥ በል» አሉት እማማ።

«እማማ፣ መንገዱ በዚህ ነው።»

«አውቃለሁ። በቦሌ ዙርበት።»

ሹፌሩ በመስታወቱ ሲስተርን አያቸው። ነዳጅ ስንት እንደገባ፣ ምሳ ሰዓት እንደደረሰ፣ ግቢ ውስጥ ሌሎቹ እንደሚጠብቁ ሲስተር ሁሉንም ያውቃሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ውጪ ዞሩ።

«ምን ታየኛለህ» አሉት፣ «ሰምተሃቸዋል አይደል።»